ፍሬኑ ከመያዙ በፊት

በመንገድ ላይ አደጋ በደረሰ ቁጥር «ፍሬን እምቢ አለ» ሲባል እንሰማለን። ፍሬን እምቢ የሚልበት ጊዜ በእርግጥ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ያልበቃው ርቀቱ ነው።

ነጂው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በዚህች ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 8 ሜትር ያህል፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ደግሞ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ፣ አስፋልቱ ደረቅ፣ ጎማውም ደህና ከሆነ፣ የመጀመሪያው በ5 ሜትር ገደማ ውስጥ ይቆማል። ሁለተኛውስ? ብዙ ተማሪዎች «10 ሜትር» ብለው ይመልሳሉ። ሆኖም መኪናው በሩጫው የያዘው ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም 20 ሜትር ይሆናል።

እንግዲህ በ15 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ልጅ ኳስ ተከትሎ መንገድ ገባ እንበል። በ30 የሚነዳው ልጁ ዘንድ ለመድረስ 2 ሜትር ያህል ሲቀረው ይቆማል። በ60 የሚነዳው ግን ልጁ ዘንድ ሲደርስ እግሩ ገና ፍሬኑን አልረገጠም፤ ፍጥነቱም ያው 60 ነው።

ይህ ሁሉ ዓይኑ መንገዱ ላይ ላለ ነጂ ነው። በዚሁ ፍጥነት እየነዳ ለ2 ሰከንድ ብቻ ስልኩን የሚመለከት ሰው 33 ሜትር በጭፍን ይጓዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እየነዳ በስልክ የሚጠቀም ሰው አደጋ ላይ የመውደቅ ዕድሉ 4 እጥፍ ያህል ነው፤ ስልኩን በእጅ አለመያዝም ብዙ አያድንም።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት አንድ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ይበቃል። አንዱ ተማሪ ከላይ ያንጠለጥለዋል፤ ሌላው ዜሮው ዘንድ ጣቶቹን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሳይነገረው ሲለቀቅ ይይዘዋል። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዘው 0.2 ሰከንድ ፈጅቶበታል። (ነጂው ሳይጠብቅ ስለሚደርስበትና እግሩንም ማንሳት ስላለበት የበለጠ ይዘገያል።) ቀጥሎ ያው ተማሪ ከ100 ጀምሮ 7 እየቀነሰ እየቆጠረ ይሞክር። ከእጩ መምህራን ጋር ስንሠራው ማስመሪያው ወለል ላይ የወደቀበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሳቁ ካለፈ በኋላ አንዷ እጩ መምህርት፣ «መምህር፣ የታክሲ ሹፌር እየነዳ ስልክ ሲያወራ እርስዎ ምን ይላሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ጋቢና ተቀምጬ ሜትሩን በልቤ እያሰላሁ ዝም ብዬ ወርጃለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንዱን «ወንድሜ፣ ዳር ይዘህ አውርተህ ጨርስ፤ እንጠብቅሃለን» አልኩት። ረዳቱ ገላመጠኝ። ሹፌሩ ዳር ያዘ።