ሴንት ፖል፦ «የሰው እጅ ያልነካት» የተባለችው ደሴት

ሴንት ጆርጅ በምትባል የቤሪንግ ባሕር ደሴት ላይ የከረሙ ሩሲያውያን አዳኞች በ1787 አንድ ቀን ጉሙ ሲገለጥላቸው በስተሰሜን ሌላ ደሴት አዩ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዕለቱ በእኛ ሐምሌ 5፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ነበርና በቅዱሳኑ ስም ጠሯት። ይህች ዛሬ ሴንት ፖል የምትባለው የአላስካ ደሴት ለጎብኚ የምትተዋወቀው «የሰው እጅ ያልነካት» እየተባለች ነው። ስለ እሷ ከሚነገረው ስሕተት ሁሉ በጣም የሚያሳዝነኝ ይኼኛው ነው። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ግን ቀለል ያሉትን ላቃና።

አላስካ ሲባል ብዙ ሰው ነጭ ድብና የበረዶ ጎጆ ይታየዋል። ሴንት ፖል ያለችው 57 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው፤ ከስኮትላንዷ አበርዲን ጋር ትስተካከላለች፣ ከአርክቲክ ክበብም በብዙ ወደ ደቡብ ትርቃለች። ነጭ ድብ አይኖርባትም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ምድሯ በሣርና በአበባ ይሸፈናል፤ ዛፍ ግን አይበቅልባትም። በዚያ በሞቃቱ ወቅት እንኳ ሙቀቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጎብኚን የሚፈትነው ብርዱ ሳይሆን ጉሙ ነው። ከአንኮሬጅ ተነሥቶ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበረው አውሮፕላን ጉም ከወረደ ማረፍ አይችልም። ስለዚህ የመመለሻ ቀኑን አጥብቆ የሚሄድ ሰው ይጸጸታል፤ ሁለት ሦስት ትርፍ ቀን መያዝ ግድ ነው።

የበረዶ ጎጆውም ቢሆን የዚህ ሕዝብ አይደለም። ነዋሪዎቹ ኡናንጋን ናቸው፤ ሩሲያውያን አሌዉት አሏቸው፣ ከኢኑዊቶችም የተለዩ ናቸው። የጥንት ቤታቸው መሬት ተቆፍሮ፣ በዓሣ ነባሪ አጥንትና ማዕበል በሚተፋው ግንድ ተዋቅሮ፣ በሣርና በአፈር የሚደፈን ነበር።

«ሩሲያውያን አገኟት» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ኡናንጋኖች ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ ትረካቸው፣ የአንድ አለቃ ልጅ በማዕበል ተገፍቶ እዚያ እንደ ደረሰና ኋላ ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ ይናገራሉ። ለቦታዋ ያወጡት ስም «የእናት ወንድም ምድር» ማለት ነው፤ እኛ ብንሆን የአጎት አገር እንላት ነበር። እርግጥ ነው፣ ሰው በቋሚነት አልሰፈረባትም ነበር። ሩሲያውያኑ የቁርበት ነጋዴዎች ግን ራሳቸው ለማረድና ለመግፈፍ አልተቀመጡም፤ ኡናንጋኖችን ከኡናላስካና ከአትካ ደሴቶች አስገድደው አምጥተው አሰፈሯቸው። በደሴቷ የሚኖረው ሕዝብ በ2020 ቆጠራ 413 ነበር፤ ብዙዎቹ የእነዚያ ሰዎች ልጆች ናቸው።

የመጡበት ምክንያት አቆስጣ የተባለው የባሕር እንስሳ ነው። ስሙን በኦሪት ዘጸአት የድንኳኑ መደረቢያ ቁርበት ሲነገር ሰምተነዋል፤ እዚህ ግን የምናወራው ፀጉሩ ጥቅጥቅ ስላለው የሰሜን ፓስፊክ ዝርያ ነው። ወንዱ እስከ 270 ኪሎ ይመዝናል፤ በግንቦት መጥቶ የባሕር ዳርቻውን ይካፈላል። ሴቶቹ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ደርሰው ይወልዳሉ። በጥቅምትና በኅዳር አብዛኞቹ ወደ ባሕር ይመለሳሉ።

ታዲያ «ያልተነካች» የሚለውን ቃል ከዚህ ጋር አስተያዩት። አሜሪካ በ1867 አላስካን በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ስትገዛ ደሴቷንም አብራ ያዘች። ከ1870 ጀምሮ ለአርባ ዓመት የአቆስጣው ቁርበት ለሁለት ኩባንያዎች በየተራ ተኮናተረ፤ ከ1910 ወዲህ መንግሥት ራሱ ያዘው። ኡናንጋኖች እንደ ዜጋ ሳይሆን በሞግዚት ሥር እንዳለ ልጅ ተቆጠሩ። ለብዙ ዘመን የድካማቸው ዋጋ በአብዛኛው በእህልና በሸቀጥ ይሰፈርላቸው ነበር፤ የሚኖሩበትንም ኑሮ የሚወስነው ከዋሽንግተን የተላከው ሹም ነበር። የመንግሥት አስተዳደር ያበቃው በ1983፣ የንግድ እርዱ የቆመው በ1984 ነው። ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን 1942 ነው። ጃፓን በሰኔ ወር የአላስካውን ወደብ ደች ሃርበርን ደበደበች፣ አቱና ኪስካ ደሴቶችንም ያዘች። ያኔ የሴንት ፖልና የሴንት ጆርጅ ሕዝብ ለራሱ ደኅንነት ሲባል ወጣ፣ ተጠበቀም ተብሎ ይነገራል። መውጣቱ እውነት ነው፤ መጠበቁ ግን ውሸት ነው። ሰዎቹ በጥቂት ሰዓታት ማስጠንቀቂያ ዴላሮፍ በምትባል መርከብ ተጭነው በደቡብ ምሥራቅ አላስካ ፈንተር ቤይ ተጣሉ። መጠለያቸው የተተወ የዓሣ ማሸጊያና የወርቅ ማውጫ ሰፈር ነበር። ንጹሕ ውኃ አልነበረም፤ ኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ ገባባቸው። በዚያው መሐል በ1943 መንግሥት ወንዶቹን ወደ ደሴቷ መለሳቸው፤ ምክንያቱም ቁርበቱ እንዳይቀር ነው። ቤተሰቦቻቸው ግን እዚያው ሰፈር ቀሩ። ሕዝቡ ወደ ቤቱ የተመለሰው በ1944 ነው። ከየደሴቱ ከተወሰዱት 881 ኡናንጋኖች ከአሥሩ አንዱ ያህል ሞቷል። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀውና ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው 12,000 ዶላር ካሣ የፈቀደው በ1988 በወጣ ሕግ ነው፤ ያኔ ብዙዎቹ አልፈዋል።

ጎብኚ ካሜራውን ይዞ ስለ ወፍ ብቻ ሲጠይቅ ይህን ሳያውቅ ያልፋል። በሰፈሩ መሐል የቆመችው የጴጥሮስ ወጳውሎስ የእንጨት ቤተ ክርስቲያንም ለብዙ ሰው እንግዳ ናት፤ የነባር ሕዝብ ቅርስ ከበሮና ጭፈራ ብቻ ይመስለዋል። ኡናንጋኖች ግን ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። በኬልቄዶን ጉዳይ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ቢለዩም፣ በአሮጌው አቆጣጠር ስለሚሄዱ ገናቸው ከእኛ ታኅሣሥ 29 ጋር ይገጥማል።

«አቆስጣው ዛሬ የሚቀንሰው በአደን ነው» የሚለውም መታረም አለበት። የቀድሞ ጠላቱ በተለይ በክፍት ባሕር ላይ የሚካሄደው አደን ነበር፤ እሱን በ1911 አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ጃፓንና ሩሲያ በውል ከለከሉት። መንጋው አገግሞ በ1950ዎቹ ወደ 2 ሚሊዮን ደረሰ። ዛሬ የንግድ እርድ ከቆመ 40 ዓመት አልፎም በሴንት ፖል ቁጥሩ እየወረደ ነው። ተመራማሪዎች የሚጠቅሱት የሚበላው ዓሣ መመናመኑን፣ የባሕሩን መሞቅና በተጣለ መረብ መጠላለፉን ነው። ነዋሪዎቹ ለምግባቸው በሕግ የተፈቀደላቸውን ጥቂት ያርዳሉ፤ ሥጋው የአያቶቻቸው ምግብ ነው። ይህን አይቶ ፊቱን የሚያጨፈግግ እንግዳ፣ ዕዳውን ከማይመለከተው ሰው ላይ እየጫነ ነው።

ለዓይን የሚታየውን በተመለከተ ተረት አያስፈልግም፤ እውነቱ ይበቃል። በገደሎቹ ላይ ምንቃራቸው በቀለም የተነከረ የሚመስሉ ፓፊኖች ይሰፍራሉ። ከዓለም ባለ ቀይ እግር ኪቲዌክ ወፎች አብዛኞቹ የሚፈለፈሉት በጎረቤቷ ሴንት ጆርጅ ነው። ከእስያ በነፋስ ተገፍተው የሚመጡ ወፎችም ስለሚታዩ ተመልካች ከሩቅ አገር ይመጣል። አቆስጣው በሚራባበት ወራት ወደ መራቢያ ዳርቻው መግባት ክልክል ነው፤ የሚታየው ፈቃድ ይዞ ከተዘጋጀ መጠለያ ውስጥ ነው።

ደሴቷ ትንሽ ስለሆነች የምትሸከመው ብዙ አይደለም። ከ5,600 ዓመት ገደማ በፊት ማሞዝ የሚባለው ፀጉራም ዝሆን እዚህ ይኖር ነበር፤ ባሕሩ ከፍ ሲል መሬቱ ጠበበ፣ የሚጠጣው ውኃ ጎደለ፣ ጠፋ። በ1911 25 ሬይንዲሮች፣ ማለትም የቀዝቃዛ አገር አጋዘኖች፣ መጡ። በ1938 2,046 ሆኑ። ግጦሹን ጨርሰው በ1950 የቀሩት 8 ብቻ ነበሩ።

ዛሬ ከውጭ በሚገባ እንስሳ ላይ ጥንቃቄ ይደረጋል፤ ውሻ ወደ ደሴቷ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ በወደቡ ዙሪያ የአይጥ ወጥመድ ተደርድሯል። አንዲት እርጉዝ አይጥ ብትገባ ከነልጆቿ መሬት ላይ የሚፈለፈሉትን የወፎች እንቁላል ትጨርሳለችና። በ2018 አንዲት አይጥ ታየች። ለዚያች አንዲት አይጥ ወጥመዱ ተጨመረ፣ ካሜራ ተተከለ፣ ሰዎች ወራት ሙሉ ዱካዋን ተከተሉ። ሞታ የተገኘችው ከአሥር ወር ገደማ በኋላ በ2019 ነው። ሴንት ፖል የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ውስጡን አንድ ጊዜ ይፈትሽ።