ማዮሲን ሲያርፍ

በ1860 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍም አብሯቸው ተጓዘ። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው። ከገደል ገደል ያሻገሩት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየጎተቱ ነው። ያን ሁሉ ጉልበት ያመነጨው በዓይን የማይታይ ፕሮቲን ነው፤ ማዮሲን ይባላል።

ጡንቻ ውስጥ ወፍራምና ቀጭን ክሮች ተሰድረዋል። ወፍራሙ ከማዮሲን፣ ቀጭኑ በዋናነት ከአክቲን የተሠራ ነው። ጡንቻ ሲኮማተር ክሮቹ ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት ቡድኖች በአንድ ጊዜ አሳወቁ፤ አንዱን አንድሩ ሃክስሌይ፣ ሌላውን ሂዩ ሃክስሌይ ይመሩት ነበር። ስማቸው ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም።

በአንድ ወፍራም ክር ላይ 300 ያህል ማዮሲኖች አሉ፤ እያንዳንዱም ሁለት ራስ አለው። ራሱ እንደ ገመድ ጎታች ነው፤ አክቲንን ይጨብጣል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ይጨብጣል። አንዱ ስበት ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ቢሆን ነው። ለእያንዳንዱ ዑደት ኤቲፒ የተባለ አንድ የኃይል ሞለኪውል ይከፈላል።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ዕረፍቱ ነው። ልብ ዕድሜ ልኩን ይመታል፤ በየምቱ ግን ራሶቹ ሁሉ አይሠሩም። ብዙዎቹ ወደ ኋላ ታጥፈው፣ ጥንዶቹ እርስ በርስ ተያይዘው፣ በክሩ ግንድ ላይ ይተኛሉ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ራስ አንዷን ኤቲፒ ለመጨረስ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ዕረፍቱ ራሱን የቻለ ቅርጽ አለው ማለት ነው።

ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ በሚባለው፣ ብዙ ጊዜ በዘር በሚተላለፈው የልብ ሕመም፣ ይህ ዕረፍት ሊናጋ ይችላል። ከልክ ያለፈ ቁጥር ያላቸው ራሶች ለሥራ ይነሳሉ፤ ልብ አብዝቶ ይኮማተራል፤ ግድግዳው ይወፍራል፤ በአንዳንዱ ሕመምተኛ የደሙ መውጫ ይጠባል።

ማቫካምተን የተባለው መድኃኒት የመጣው ለዚህ ነው። የሞለኪውሉ ክብደት 273 ዳልተን ነው፤ የማዮሲን ግማሽ ሚሊዮን ያልፋል። ይህች ደቃቅ ሞለኪውል የማዮሲኑ ራስ ላይ ተጣብቃ የታጠፈውን ቅርጽ ታጸናለች። ጎታቹን አታጠፋውም፤ ቁጭ እንዲል ታደርገዋለች። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የአሜሪካና አንድ የጀርመን ቡድን በዚሁ መድኃኒት ያረጋጉትን የልብ ክር አቀዝቅዘው፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አነሱት፤ የመጀመሪያው ከሰው፣ ሁለተኛው ከአይጥ ልብ ነበር። ራሶቹ በየረድፉ አቀማመጣቸው ይለያያል፤ ታይቲንና ማዮሲን አሳሪ ፕሮቲን ሲ የተባሉት ፕሮቲኖችም ያያይዟቸዋል። መዘንጋት የሌለበት፣ የታየው ክር መድኃኒት የነካው ክር መሆኑ ነው።

አሜሪካ መድኃኒቱን እ.ኤ.አ. በ2022 ፈቀደች። ከበዛ ግን ልብ ደም የመርጨት አቅሙ ይደክማል፤ ስለዚህ ታካሚው በየጊዜው በልብ አልትራሳውንድ መታየት አለበት። የትም ቢሆን ከኪኒኑ በፊት የሚያስፈልገው ይህ ምርመራ ነው። በሀገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የልብ በር ሕመም፣ የቶንሲል ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው፣ ከዚህ የተለየ ነው፤ ማቫካምተን አያድነውም።

ሌላም ነገር አለ። መድኃኒቱን በጉበት ውስጥ በዋናነት የሚሰባብረው ሲዋይፒ2ሲ19 የተባለ ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የስዊድን ጥናት ይህን ኢንዛይም የሚያፋጥነውን የጂን ዓይነት በኢትዮጵያውያን ላይ 18 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ኢንዛይማቸው ዘገምተኛ በሆነባቸው ሰዎች ደግሞ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ለአንዱ የሚበቃው መጠን ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።