«ግንኙነት የለውም» የሚል ጽሑፍ ገዢን ከመደናገር ያድነዋልን?

የአገር ምርት ከእርሻ ወጥቶ ወደ ገበያ በሚሄድበት ጊዜ ከክብደቱና ከጥራቱ ጋር አብሮት የሚጓዝ አንድ ሀብት አለው፤ እርሱም ስሙ ነው። ይህ ስም በሌላ ሰው ዕቃ ላይ ተለጥፎ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ገበሬው የደከመበትን ዋጋ ሌላው ይበላበታል፤ ገዢውም ያላሰበውን ዕቃ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ያለው ክርክር በዳኛ ፊት ሲቀርብ ከተከሳሹ ወገን ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ፣ «ከዚያ ድርጅት ጋር ግንኙነት እንደሌለን በዕቃው ላይ ጽፈናል፤ ገዢው ሳያነብ ቢቀር ጥፋቱ የራሱ ነው» የሚል ነው። ማስተባበያ የሚባለው ይህ ጽሑፍ በእርግጥ መደናገርን ያስቀራልን? ጥያቄው የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ ቢመስልም ቡና፣ ማርና በርበሬ የሚያመርተውን ሁሉ የሚነካ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት በጅቡቲ ከተማ ሃያብለ የሚባለውን ሠፈር ማሰብ ይበቃል። የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ ሕዝቡ በየቤቱ የሚነጋገረው ግን በይበልጥ በሶማሊኛና በአፋርኛ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሄደውም የየራሱን ቋንቋ ይዞ ይኖራል። ለእርሻ የሚሆነው ውሃና መሬት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የአገሪቱ ምግብ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ አትክልቱና ፍራፍሬው ከኢትዮጵያ በየብስ፣ ሩዙና የወተት ዱቄቱ በመርከብ ይመጣል። እንዲህ ባለ ሠፈር አንዲት እናት ልጇን ወደ ሱቅ ስትልከው የምትነግረው የቆርቆሮውን ቀለምና በላዩ የተሣለውን ሥዕል ነው እንጂ፣ ከበታቹ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አይደለም። ባለሱቁም ከመደርደሪያው የሚያወርድለት ያንኑ የሚመስለውን ነው። ሥዕልና ቀለም በአምስት ቋንቋ ይነበባሉ፤ ማስተባበያው ግን የሚናገረው በአንድ ቋንቋ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ በመጣ ቋንቋ ነው።

ቢሆንም ማስተባበያ የረዳበት ጊዜ የለም ማለት አይቻልም። በ1924 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የታወቀው የሽቶ አምራች ኮቲ ፕሬስቶኔትስ በተባለ ድርጅት ላይ ያቀረበውን ክስ ፈረደ። ተከሳሹ እውነተኛውን የኮቲ የፊት ፓውደር እየገዛ ከሌላ ማያያዣ ጋር ጠፍጥፎ፣ ሽቶውንም በትንንሽ ጠርሙስ እየገለበጠ ይሸጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ ስሙን እንዲጠራ ፈቀደለት፤ ነገር ግን ከኮቲ ጋር ግንኙነት እንደሌለውና ያዘጋጀው ራሱ እንደ ሆነ የሚገልጸው ጽሑፍ እያንዳንዱ ቃል በመጠንና በቀለም እኩል እንዲሆን፣ «ኮቲ» የሚለው ስም ለብቻው ጎልቶ እንዳይታይ የሚያዘው ውሳኔ እንዲጸና አደረገ። በ1947ም ያገለገሉ የቻምፒዮን ካንዴላዎችን አድሶ የሚሸጥ ሰው የመጀመሪያውን ስም ሳይፍቅ እንዲሸጥ ተፈቀደለት፤ ሆኖም «የተጠገነ» ወይም «ያገለገለ» የሚለው ቃል በራሱ በካንዴላው ላይ ጎልቶ በሚነበብ ፊደል እንዲታተም ታዘዘ። ከሳጥኑ ወጥቶ መኪና ውስጥ ለሚገባ ዕቃ በሳጥኑ ላይ ብቻ መጻፍ ምን ይጠቅማል?

በሁለቱም ጉዳዮች ዕቃው መሠረቱ እውነተኛ እንደ ነበረ ልብ ይሏል። ጽሑፉ የነገረው እውነት በዕቃው ላይ የደረሰውን ነው እንጂ የሌላውን ስም ለመዋስ የቀረበ ማመካኛ አልነበረም። ስሙ በሌላ ሰው ዕቃ ወይም ማስታወቂያ ላይ ሲውል ግን ነገሩ ይለወጣል። ያዕቆብ ጃኮቢና ሮበርት ራስኮፍ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ በተለይ «አይደለም» ወይም «የለም» በሚል አጭር አፍራሽ ቃል ላይ የተመሠረቱ ማስተባበያዎች በጠቅላላው ውጤት እንደሌላቸው አስረዱ። በሚቀጥለው ዓመት ሆም ቦክስ ኦፊስና ሾውታይም የተባሉት የቴሌቪዥን ድርጅቶች በተከራከሩ ጊዜ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይህን ጥናት ጠቅሶ፣ ማስተባበያው መደናገርን በእጅጉ እንደሚቀንስ ማስረጃ የማቅረቡን ሸክም በሌላው ስም በሚጠቀመው ወገን ላይ ጣለ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ «ጽፌአለሁ» ማለት ብቻውን መልስ መሆኑ ቀረ።

በእኛ ቋንቋ ችግሩ የባሰ ሳይሆን አይቀርም። በአማርኛ አፍራሹ ቃል የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ «ይህ ምርት ከእገሌ ድርጅት ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት የለውም» ሲባል የታወቀው ስም በፊት ይነበባል፤ ተቻኩሎ የሚሄድ ገዢ «የለውም» ከሚለው ሳይደርስ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል።

ወደ ቡና ስንመለስ የስም ታሪክ ረጅም ነው። የሐረር ቡና በቀድሞው ዘመን በዘይላ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ የመንና ወደ ዓደን ይሄድ ስለ ነበር፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ «ሞካ» እየተባለ ይሸጥ ነበር፤ ሞካ ግን የየመን ወደብ ስም ነው። የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ቡናው በጅቡቲ መውጣት ከጀመረ በኋላ እንኳ የዚያ ወደብ ስም አልለቀቀውም፤ «ሞካ ሐረር» የሚለው አጠራር ዛሬም በነጋዴዎች ዘንድ ይሰማል።

መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ክርክሩ በሌላ መልክ መጣ። ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2004 «ሽርክና በፀሐይ የደረቀ ሲዳሞ» የሚል ስም ለማስመዝገብ አመለከተ። የኢትዮጵያ መንግሥትም በ2005 ሐረር፣ ይርጋጨፌና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በዚያው አገር እንዲመዘገቡለት ጠየቀ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ የምዝገባው መሥሪያ ቤትም ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል በማለት በመጀመሪያ አልተቀበላቸውም። በመጨረሻ ድርጅቱ ማመልከቻውን በ2006 ተወ፤ በሰኔ 2007 ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ተፈራረመ፤ ይርጋጨፌ በ2006፣ ሁለቱ ስሞች በ2008 ተመዘገቡ። ስሞቹ የወል መጠሪያ ሆነው ቢቀሩ ኖሮ፣ ማንም ሻጭ በፓኬቱ ፊት «ሲዳሞ» ብሎ ከበታቹ «ከአምራቾቹ ጋር ግንኙነት የለንም» ቢጽፍ የጻፈው ፍጹም እውነት በሆነ ነበር፤ ለገበሬው ግን አንድ ሳንቲም አይጨምርለትም።

የሀዋይ ደሴቶች ቡና አምራቾች ይህን በገዛ ራሳቸው አይተዋል። በዚያ በ1991 የወጣው ሕግ፣ 10 በመቶ የኮና ቡና ያለበት ድብልቅ መጠኑን በፓኬቱ ላይ እስከ ገለጸ ድረስ በኮና ስም እንዲሸጥ ፈቀደ። ዘጠና እጁ የሌላ አገር ቡና ሆኖ ሳለ ገዢው የሚያስታውሰው «ኮና» የሚለውን ነው፤ ገበሬዎቹም ለብዙ ዓመት አቤት ሲሉ ኖረው፣ በ2024 የወጣው ሕግ መጠኑ ከ2027 ጀምሮ 51 በመቶ እንዲሆን ደነገገ።

የወይን ጠጅ አምራቾች ግን ከዚህ ሁሉ ድካም ድነዋል። በ1994 በተፈረመው የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሮአዊ ንብረት ስምምነት አንቀጽ 23፣ እውነተኛው የምርት ቦታ ቢጻፍም፣ «ዓይነት» ወይም «አምሳያ» የሚል ቃል ቢጨመርም እንኳ፣ በሌላ ቦታ ስም ወይንና የአልኮል መጠጥ መሸጥ የተከለከለ እንዲሆን ያዛል። ለቡናና ለማር የተሰጠው የአንቀጽ 22 ጥበቃ ሲሆን፣ በእርሱ ሕዝብ መታለሉ መታየት አለበት። ማስተባበያ ለጠርሙስ የማይበቃ ሆኖ ሳለ ለጆንያ የሚበቃበትን ምክንያት ለሐረር ገበሬ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

እስከዚያው ድረስ በእጅ ያለው መሣሪያ ምዝገባ ነው። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ዓ.ም. መሠረት የተመዘገበ ምልክት ጥበቃው በአገር ውስጥ ስለ ሆነ፣ በርበሬውን ወይም ማሩን አሽጎ ወደ ጅቡቲ የሚልክ ማኅበር በዚያም አገር ማስመዝገብ ይኖርበታል፤ ጅቡቲ ለዚህ የሚያገለግል የኢንዱስትሪ ንብረት ሕግ በ2009 አውጥታለች። የቡናው 60 ኪሎ ጆንያ እስከ ወደቡ ድረስ ስሙን ይዞ ይወርዳል፤ ባሕር ማዶ ሲቆላ ጆንያው ይጣልና ስሙ ወደ ትንሿ ፓኬት ይዛወራል። በዚያች ፓኬት ፊት ስንት እጁ ሐረር እንደ ሆነ ከስሙ እኩል በሆነ ፊደል እንዲጻፍ በፈቃድ ውል ማስገደድ የሚችለው፣ ስሙን አስቀድሞ በእጁ ያደረገ ወገን ነው።