ዘቢብ ፍለጋ፦ ከዱባይ እስከ ዐጅማን የተደረገ የኅብስትና የወይን ጉዞ

ተሳላሚ ወደ ገዳማችን ሲመጣ በእጁ ከሚይዛቸው የመባዕ ዓይነቶች ሦስቱ አይለወጡም፤ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ። ጧፉ በሥዕሉ ፊት ይበራል፤ ዕጣኑ በጽንሐሑ ይጤሳል፤ ሁለቱንም ያመጣቸው ምእመን በዓይኑ ያያቸዋል። ዘቢቡ ግን ወደ ቤተ ልሔም ከገባ በኋላ ባለቤቱ ዳግመኛ አያየውም። ዲያቆኑ ያጥበዋል፣ በውኃ ይዘፈዝፈዋል፣ ይጨምቀዋል፣ በንጹሕ ጨርቅ ያጠልለዋል፤ ከዚያም በጽዋው ይቀርባል። ስለዚህ ዘቢብ የሚሰጥ ሰው በእምነት ይሰጣል፤ የሚቀበል ሰውም በኃላፊነት ይቀበላል። ይህን የምጽፈው በዚህ ኃላፊነት ጎድዬ ስለተገኘሁ ነው።

ባለፈው የፍልሰታ ጾም በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች የሚኖሩ ምእመናን ለአገልግሎት ጠርተውን ከአንድ ዲያቆን ጋር ወደዚያ ተጓዝን። ከመነሣቴ በፊት የዕቃ ቤቱን መዝገብ ስመለከት ከዐረብ ሀገር ከሚመጣው መባዕ ብዙው ዘቢብ መሆኑን አየሁ። «እንግዲያስ ምንጩን አየዋለሁ» ብዬ አሰብሁ። ሦስቱ ከተሞች፣ ዱባይ፣ ሻርጃና ዐጅማን፣ አንዱ ከሌላው የተያያዙ ናቸው፤ ድንበራቸውን የሚያሳየው የመንገድ ምልክት ብቻ ነው። ሆኖም እያንዳንዳቸው ስለ ወይንና ስለ ኅብስት የሚነግሩን ልዩ ልዩ ነገር አላቸው።

ዴራ፦ የቅመም ገበያው

በዱባይ ከተማ መካከል የባሕር ክንድ ገብቷል። ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ሰው በትንሽ የእንጨት ጀልባ፣ እነርሱ «ዐብራ» በሚሏት፣ በአንድ ድርሃም ይሻገራል። በዴራ በኩል ከሚቆሙት የእንጨት መርከቦች ማዶ የቅመም ገበያው ይጀምራል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከላይ ጣሪያ አለው። የደረቀ ሎሚ፣ ሄል፣ ቀረፋ፣ ዘዓፍራን፣ ከዖማን የመጣ ዕጣን በጆንያ ተከፍቶ ተቀምጧል። ሽታው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የሠርግ ቤት ጓዳና የቤተ መቅደስ ሽታ ተቀላቅሎ የቀረበ ይመስላል።

ወደዚያ የመራችን ከወሎ የመጣች አንዲት እኅታችን ናት። በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ዐሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ከነክፍያው ይፈቅዳል፤ እርሷም ያን ቀን በእጇ ካስገባች ወዲህ ቅዳሴ መድረስ ችላለች። ከዚያ በፊት ግን ዓመታት ያለ ቅዳሴ አልፈውባታል። በእነዚያ ዓመታት የምታደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ወደ ሀገር ቤት የሚሄድ ሰው ስታገኝ ሁለት ኪሎ ዘቢብ ገዝታ ወደ ገዳማችን ትልካለች። «እኔ ባልደርስ ዘቢቡ ይደርስልኛል እያልሁ ነበር፣ አባ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «የባለፈው ዓመቱስ ለቅዳሴ ዋለ?» ስትል ጠየቀች።

እግሬ ቆመ። ያን ዘቢብ አውቀው ነበር። ያብረቀርቅ ነበር፤ በውኃ ሲዘፈዘፍ በላዩ ዘይት ሰፈፈ። ለጽዋ የማይሆን ነው ብለን ለየነው፤ ለነዳያን ዳቦ ተጨመረ። መለየታችን ሥርዓቱ ነው። ጥፋታችን ለላከችው አለመንገራችን ነበር። መዝገቡ ላይ «ተቀብለናል» የሚል ጽፈን ዝም አልን። እርሷ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ዘቢብ ተጽናንታለች።

እውነቱን ነገርኋት። ለጥቂት ጊዜ ወደ ጆንያዎቹ እያየች ዝም አለች። ከዚያም፣ «ነዳያን ከበሉት አልጠፋም፤ ግን ብትነግሩኝ ኖሮ ሌላ እልክ ነበር» አለች። ይህን ለመመለስ ቃል አልነበረኝም፤ «ይቅር በይን፣ ልጄ» ብቻ አልኋት።

ዘቢብን መለየት

ከዚያ በኋላ ሦስታችን ከመደብር ወደ መደብር እየሄድን ጠየቅን። የተማርነውን ለተሳላሚ ሁሉ ይጠቅማልና እጽፈዋለሁ።

ከቱርክ፣ ከኢዝሚር አካባቢ የሚመጣው ፍሬ አልባ ዘቢብ ቶሎ እንዲደርቅ ወይኑ አስቀድሞ የፖታሽ ጨውና የወይራ ዘይት በተቀላቀለበት ውኃ ይነከራል። ወርቃማ ቀለም ያለው ዘቢብ ደግሞ መልኩ እንዳይጠቁር በድኝ ጢስ የታከመ ነው፤ በታሸገው ላይ የድኝ ምልክት ተጽፎ ይገኛል። ከአፍጋኒስታን የሚመጣው አረንጓዴ ዘቢብ ፀሐይ ሳይነካው፣ ግድግዳው ብዙ ቀዳዳ ባለው የጭቃ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ በነፋስ የደረቀ ነው። ከኢራን ተራሮች፣ ከመላየር አገር፣ የሚመጣውም ብዙ ዓይነት አለው። ከሁሉ የቀለለው በፀሐይ ብቻ የደረቀው ጥቁሩ ዘቢብ ነው፤ ምንም ሳይቀባ ይደርቃል፤ መልኩ ደብዛዛ ነው፤ ሲጨብጡት በእጅ ላይ ቅባት አይተውም። ብዙ ሰው ግን የሚያብረቀርቀውን ይመርጣል። የሚያብረቀርቀው ዘቢቡ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ በነጋዴ ዘይት ስለተቀባ ነው።

ስለዚህ የሚበጀው ይህ ነው፤ ከመግዛት በፊት ጥቂት ፍሬ በሞቀ ውኃ መጨመር። ውኃው ላይ ቅባት ከታየ፣ ወይም የድኝ ሽታ ካለው፣ ለቤት ይሁን እንጂ ለቤተ ልሔም አይሁን። በስኳር የተለወሰውም እንዲሁ ነው። እኅታችን በሦስተኛው ሱቅ ያገኘችውን ጥቁር ዘቢብ በብርጭቆ ውኃ ፈትና፣ ውኃው ሲጠራላት ፊቷ በራ። አራት ኪሎ ገዛች።

ሻርጃ፦ ጎረቤቶቻችን ወይኑን ሲባርኩ

ሻርጃ የሚያሰክር መጠጥ የማይሸጥባት ከተማ ናት። ይህ ሕግ ለብዙ እንግዳ ይከብደዋል፤ ለእኛ ግን ምንም አላጎደለብንም። ጥንት ወይን በማይበቅልበት ደጋና ቆላ ይኖሩ የነበሩ አባቶቻችን የመርከብ ወይን ሳይጠብቁ ከደረቀ ዘቢብ መሥዋዕቱን ማቅረብን ጠብቀው አቆይተውናል። ለመጠጥ ያልተቀመጠ፣ ለዕለቱ የተጨመቀ ነው። በቆላ የተወለደ ሥርዓት በበረሓም አልቸገረውም።

በዚህች ከተማ ያርሙክ በሚባለው ሰፈር አብያተ ክርስቲያናት እንደ አንድ ቤተሰብ ቤቶች ተቀራርበው ይታያሉ። የአርመኖች የቅዱስ ጎርጎርዮስ ቤተ ክርስቲያን የሻርጃው ገዥ ዶክተር ሸኽ ሱልጣን ቢን ሙሐመድ አል ቃሲሚ በሰጡት ቦታ እ.ኤ.አ. በ1998 ተሠርቷል። የሩስያውያን የሐዋርያው ፊልጶስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2011 ተባርኳል። የግብፃውያን ወንድሞቻችንም ቤተ ክርስቲያን በዚያው አለ።

አርመኖች የተራራ ሕዝብ ናቸው፤ ኖኅ ከመርከቡ ወጥቶ ወይን ተከለ የሚለው የኦሪት ታሪክ በአራራት ግርጌ ለእነርሱ የጓሮ ታሪክ ነው። አሬኒ በተባለ ዋሻቸው ውስጥ ስድስት ሺህ ዓመት የሆነው የወይን መጭመቂያ ተቆፍሮ ተገኝቷል። በሥርዓታቸውም የእመቤታችንን የዕርገት በዓል በነሐሴ ወር አጋማሽ በሚውለው እሑድ ሲያከብሩ አዲሱን የወይን ፍሬ ይባርካሉ፤ ብዙዎቹ ከዚያ ቀን በፊት ወይን አይቀምሱም። በመሥዋዕታቸው እርሾ የሌለው ኅብስትና ውኃ ያልተጨመረበት ወይን ያቀርባሉ፤ በዚህ ከእኛ ይለያሉ። በእመቤታችን ፍቅር ግን አንድ ነን፤ እነርሱ ወይኑን ሲባርኩ እኛ በፍልሰታ ሱባዔ ላይ ነን።

ሩስያውያን ደግሞ የደብረ ታቦርን በዓል በአሮጌው አቆጣጠር ነሐሴ 13 ቀን ያከብራሉ፤ በዚያ ቀን ፖምና ወይን ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥተው ያስባርካሉ። ነሐሴ 13 የእኛም ቡሄ ነው። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ቀን፣ ለአንድ በዓል፣ አንዱ ፖም ይዞ ሲገባ ሌላው ሙልሙል ይጋግራል። ዲያቆኑ ይህን ሲሰማ፣ «አባ፣ እኛ ዳቦ፣ እነርሱ ፍሬ፤ ማዕዱ ሞላ» አለ።

የጾም ማዕድ ነገር ከተነሣ፣ በሻርጃ የሶርያና የሊባኖስ ሰዎች የሚሸጡትን ምግብ ሳላነሣ አላልፍም። ፉል፣ ሑሙስ፣ ፈላፍል፣ በዘዕተርና በወይራ ዘይት የተቀባ ቂጣ፣ ምስርና ሩዝ በተጠበሰ ሽንኩርት፤ ሁሉም የጾም ናቸው። በባሕሩ ማዶ ያሉ ክርስቲያኖችም ለጾም የሚያበስሉት ይህንኑ ነው። በሰው ቤት ሥጋ እየቀቀለች የምትጾም እኅት ከሥራ ስትወጣ በጥቂት ድርሃም ትጠግባለች። እንጀራም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ኢትዮጵያ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ብትከለክልም የተጋገረው እንጀራ ግን ይወጣልና። ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንጀራ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ እኅቶቻችን በዓዘቦት ቀን በፉል ይውላሉ፣ እንጀራውን ለእሑድ ያቆያሉ።

ዐጅማን፦ ሙልሙል በኤሌክትሪክ ምድጃ

ዐጅማን ከሰባቱ ኤምሬቶች በስፋት ትንሿ ናት። የቤት ኪራይ ስለሚቀል ብዙ ሠራተኛ በዚያ ያድራል። በቡሄ ዋዜማ እኅታችን ወደምታውቃቸው ስድስት ሴቶች ቤት ወሰደችን። በአንድ ክፍል ይኖራሉ፤ የዕረፍት ቀናቸው አይገጥምም፤ ስድስቱ በአንድ ጊዜ ቤት የተገኙት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። ያ ማታ አንደኛው ነበር።

ሊጡን ያቦካችው ከሁሉ ታላቅ የሆነችው ናት፤ ሌሎቹ «እታለም» ይሏታል። ምጣድ የለም፤ የኮባ ቅጠል የለም፤ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አራት አራት ሙልሙል እየተጋገረ ወጣ። ችቦ ማብራት በሕንጻው አይፈቀድምና በመስኮቱ ላይ ጧፍ አበሩ። ከታች ከመንገዱ የሚሰማው የመኪና ድምፅ ነው፤ ሆያ ሆዬ የሚል ልጅ የለም። እታለም ሙልሙሉን ስትቆጥር ሰባት ለየች። «ለማን ነው?» ብላት፣ «ሀገር ቤት ላሉት ልጆቼና ለጎረቤት ልጆች። በሩን የሚያንኳኳ ባይኖርም ድርሻቸው ይውጣ» አለች። ሲነጋ ሰባቱን ከሕንጻው በታች ለሚሠሩ የጽዳት ሠራተኞች ሰጠቻቸው። ሃይማኖታቸውን አልጠየቀችም።

ከባሕሩ ዳር ያለ ምድጃ

ከዐጅማን አልፎ ባለው በኡም አል ቀይዋይን፣ ሲኒያህ በተባለች ደሴት፣ አሸዋው የሸፈነው ገዳም መገኘቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ተነግሯል። የተመረመረው ነገር ዕድሜ ከ534 እስከ 656 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ይህም ዐፄ ካሌብ ስለ ናግራን ሰማዕታት ባሕር ከተሻገረበት ዘመን ጋር የሚቀራረብ ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ በሲር ባኒ ያስ ደሴት፣ ሌላ ጥንታዊ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1992 ተገኝቷል።

በሲኒያህ የተገኙትን ክፍሎች ስሰማ ልቤ ተነካ፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ የጥምቀት ገንዳ፣ ለመሥዋዕት የሚሆን ኅብስት የሚጋገርበት ምድጃ፣ የቍርባን ወይን የሚዘጋጅበት ሳይሆን አይቀርም የተባለ ስፍራ። ቤተ ልሔም ማለት ነው። ወይን በማይበቅልበት አሸዋ ላይ የነበሩ እነዚያ መነኮሳት ወይኑን ወይም ዘቢቡን ያገኙት በባሕር ከሚመጣ ሰው እጅ መሆን አለበት። አምጥቶ የሰጣቸው መርከበኛ ስሙ አልተጻፈም። እነርሱ ግን መባዕህ ደረሰ ብለው ነግረውት ይሆን ብዬ አሰብሁ።

ለተሳላሚዎችና ለቤቱ አገልጋዮች

ከዚህ ጉዞ በኋላ በገዳማችን ዕቃ ቤት ሁለት ነገር ተወስኗል። አንደኛው፣ ዘቢብ የሚያመጣ ሁሉ በፀሐይ የደረቀ፣ ያልተቀባ፣ ስኳር ያልነካው እንዲሆን ይለመናል፤ ጥቂትና ንጹሕ ከብዙና ከሚያብረቀርቅ ይበልጣል። ሁለተኛው እኛን ይመለከታል፤ የመጣው መባዕ ለጽዋ ከዋለ በክርስትና ስም ተጽፎ ለላከው ይነገረዋል፤ ካልዋለም ምክንያቱ በፍቅር ይነገረዋል።

በነሐሴ 16፣ በእመቤታችን የዕርገት በዓል፣ በዚያው በዐረብ ሀገር በተቀደሰው ቅዳሴ የቀረበው ከእኅታችን አራት ኪሎ የተወሰደ ነው። እርሷ በዚያ ቀን ከሥራ አልተፈቀደላትም። ማታ ስልክ ደውላ፣ «ዋለ፣ አባ?» አለችኝ።

«ዋለ፣ ልጄ» አልኋት።

የቀረው ዘቢብ ከእኛ ጋር ባሕሩን ተሻግሮ በዕቃ ቤታችን ተቀምጧል፤ ስሟም በመዝገቡ ላይ ነው።