ከ«ካሜል» በፊት ግመል

ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራውን ሲሠራ «ካሜል» የሚለው ቃል ላይ ቆመ። «እማዬ፣ ግመል የምንለው ከፈረንጅ ወስደን ነው?» አለኝ። ጅግጅጋ ተወልዶ፣ ሐረር ደርሰን በባቢሌና በካራማራ በኩል በተመለስን ቁጥር መኪናችን ቆማ ግመል ስታሳልፍ እያየ ያደገ ልጅ ነው!

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን ያገኘው ከላቲን «ካሜሉስ» ነው፤ ላቲን ከግሪክ «ካሜሎስ» ወሰደ፤ ግሪኮች ደግሞ እንስሳው አገራቸው ስላልነበረ ስሙን ከሴማውያን ተዋሱ። በዕብራይስጥ «ጋማል»፣ በዓረብኛ «ጀመል»፣ በግዕዝ «ገመል» ነው። የእኛ ግመል ለእንግሊዝኛው ቃል አክስት እንጂ ልጅ አይደለችም።

ይበልጥ የገረመው ግን የፊደሉ ነገር ነው። «ገ» በግዕዝ ስሟ «ገምል»፣ በዕብራይስጥ «ጊሜል» ነው። ያችው ጥንታዊ ፊደል ግሪክ ገብታ «ጋማ» ተባለች፤ ሮማውያን ከጋማ «ሲ»ን አወጡ። ስለዚህ እንግሊዞች «ካሜል»ን የሚጀምሩባት ፊደል ራሷ የ«ገ» ዘመድ ናት። (የፊደሏ የመጀመሪያ ሥዕል ግመል ሳይሆን የመወርወሪያ ዱላ ነበር የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ይህን ለልጄ አልነገርኩትም፤ ደስታውን ላለማበላሸት።)

በማግስቱ ወተት ልንገዛ ስንሄድ፣ ኤዶ ለምንላቸው የግመል ወተት ሻጭ ዕውቀቱን አወራላቸው። ሳቁና «የትኛዋን ግመል ነው የምትለው?» አሉት። መንጋው ሁሉ «ጌል» ነው፤ ጭነት የሚሸከመው ወንዱ «አውር»፣ ለዘር የሚቀመጠው «ባርቀብ»፣ የሚጠባው ግልገል «ኒሪግ»። ወተቷን የምትሰጠው እንስት «ሃል» ናት። «ሃል» ሲሉ «አንድ» ማለትም ስለሆነ፣ ልጄ አንድ ሊትር ሊቀዱለት መስሎት ጀሪካኑን ዘረጋ።

እሳቸው ሳቁ፣ እኔ ግን አፈርኩ። ለእንግሊዝኛ አስጠኚ በየወሩ እንከፍላለን። «ዓኖ ጌል» እየጠጣ ላደገ ልጅ ግን የሶማሊኛ ዕውቀቱ ከገበያ ቁጥርና ከሰላምታ አላለፈም፤ የእኔማ ከእሱም ያንሳል። ጎረቤቶቻችን አማርኛችንን ለምደው ሲያናግሩን እኛ የእነሱን ሳንጠይቅ ስንት ዓመት ኖርን?

አሁን ወተት ልንገዛ ስንሄድ ደብተሩን ይዞ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ኤዶ የግመልን ዕድሜ በየስሙ ሲቆጥሩለት አንድ ገጽ ሞላ፤ «ገና ነው» አሉት።