ምጥ ሳይመጣ ሆስፒታል መድረስ

ከወልቂጤ ብዙም በማይርቀው በአታት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያልታመሙ ሴቶች የሚያድሩበት ቤት አለ። ወራቸው የገባ ነፍሰ ጡሮች ስንቃቸውን ይዘው፣ አስታማሚ ዘመድ አስከትለው ይመጡና እዚያው እያበሰሉ ቀናቸውን ይጠብቃሉ። በየጊዜው ይመረመራሉ። ምጥ ሲይዛቸው ማዋለጃ ክፍሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ሆስፒታሉን በ1969 እ.ኤ.አ. የከፈቱት በሕክምና የተሰማሩ የካቶሊክ ሚስዮናውያን እህቶች ናቸው። የእናቶች ማቆያው የተጨመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ተይዛ፣ ብዙ ሰዓት ተጉዛ ትደርስ ነበር። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርስ ሕፃኑ ሞቶ፣ ማህፀኗም ተቀዶ የሚገኝበት ጊዜ ነበር።

ማቆያው በተለይ የሚያስፈልጋቸው እናቶች አሉ። ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት ማህፀኗ ላይ ጠባሳ ይኖራል፤ ምጡ ሲበረታ ጠባሳው ሊለቅ ይችላል፤ ከለቀቀ ደግሞ ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቷን ሊነጥቅ ይችላል። መንታ ያረገዘች፣ ጽንሱ በመቀመጫው የመጣባት፣ ፊስቱላዋ የተጠገነላት፣ በቀደመ ምጥ ልጇ የሞተባትም እንዲሁ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ርቃ ማማጥ የለባትም።

የዚህ ቤት ጥቅም በወሬ ብቻ አልቀረም። በሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት ዶክተር ሪታ ሺፈር የተሳተፉበትና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በአታት የወለዱ 24,148 እናቶችን መዝገብ አገላብጧል። 6,805ቱ በማቆያው በኩል የመጡ ናቸው። በእነሱ ዘንድ የእናቶች ሞት በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት 90 ገደማ ሲሆን፣ በቀጥታ በመጡት ዘንድ 1,333 ነበር። ሞተው የተወለዱት ሕፃናት ከ1,000 ወሊድ በማቆያው በኩል ከመጡት ዘንድ 18 ገደማ፣ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ 191 ገደማ ናቸው። በቀዶ ሕክምና የወለዱት ግን በማቆያው በኩል ከመጡት 38.5 በመቶ፣ ከሌሎቹ 20.3 በመቶ ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ልብ ሊባል ይገባል፦ ማቆያው ውስጥ የከረሙት ቀላል ወሊድ የሚጠብቃቸው ሴቶች አልነበሩም፤ ቀዶ ሕክምና ላስፈለጋቸው ግን በቅርብ ነበር።

ሆኖም ንጽጽሩን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። በቀጥታ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ የደረሱት ቤት ውስጥ ሲያምጡ ቆይተው፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። የሞት ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት የአታትን እናቶች፣ ያኔ ማቆያ ካልነበረው ከቡታጅራ ሆስፒታል እናቶች ጋር ጭምር አነጻጸረ። በዚህ ንጽጽርም በማቆያው የከረሙት የተሻለ ውጤት ነበራቸው።

አሁን ማቆያ ቤቶች በብዙ የአገሪቱ ጤና ጣቢያዎች ተሠርተዋል። ቤቱን መሥራት ግን ከሥራው ትንሹ ነው። በምሥራቅ ጉራጌ፣ በቡታጅራ አካባቢ በተደረገ የቤት ለቤት ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች ስለ ማቆያ ቀድመው የሰሙት ከአሥር አንድ እንኳ አልሞሉም። ምንነቱ ሲብራራላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንጠቀምበታለን አሉ። ለሳምንታት ከቤት ርቆ መቆየት የልጆችን ጠባቂ፣ ለማሳውና ለከብቱ ተተኪ፣ ለአስታማሚዋም ቀለብ ይጠይቃል፤ ይህን ሸክም ባልና ጎረቤት ካልተካፈሉት የፈለገችውም እናት መምጣት አትችልም።