የጃፓን አሮጌ ጊታርና የገዢው ጥንቃቄ

በጁባ ከተማ፣ በቡሉክ ሰፈር ሙዚቃ ለሚጀምር ወጣት አዲስ የኤሌክትሪክ ጊታር ከአቅሙ በላይ ቢሆንበት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጃፓን የተሠሩት አሮጌ ጊታሮች ሊረዱት ይችላሉ። ከሠሪዎቹ አንዱ በ1946 የተቋቋመውና በ1967 ወደ ካዋይ የተላለፈው ቴይስኮ ነው።

ገዢው አስቀድሞ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ዓይን አነጣጥሮ ይመልከት። የላላ ሽቦ በብየዳ ይጠገናል፤ የጠመመ አንገት ግን ከጊታሩ ዋጋ የበለጠ ወጪ ሊያስከትል ይችላል። ቀጥሎም ክሩን ሳይጫንና በ12ኛው ብረት ላይ ተጭኖ ያሰማው፤ የኋለኛው ድምፅ ከስምንተኛው ድምፅ ከፍ ካለ፣ ክሩ የሚያርፍበት ድልድይ ወደ ኋላ ይገፋል። እንጨት እርጥበት ስለሚስብ፣ የጁባ ዝናብ ሲገባና ሲወጣ ማስተካከያው ይደገም።

ነጋዴውም ጉድለቱን ሳይሸሽግ ቢናገር ደንበኛውን አያጣም። ርካሽ ዕቃ የሚረክሰው መርምሮ ለገዛው ነውና።